ቀን ያልተቆረጠለት ጨዋታ

ባልና ሚስት ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ የሚሰማው አቤቱታ ከዘመኑ ጋር ይለዋወጣል። ድሮ ጠጅ ቤት ማምሸት ነበር፤ ቀጥሎ ከረንቡላና ካርታ መጣ፤ ከዚያ የዲኤስቲቪ ኳስ። ዛሬ ደግሞ «ከሥራ ገብቶ ጌም ላይ ይጣዳል፤ እኔ ተኝቼ እሱ አይተኛም» የሚል ቅሬታ ተጨምሯል። ቅሬታውን የሚሰማ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት መልስ አንዱን ይሰጣል። አንዱ «ትዳሩን የበላው ይሄ ጌም የሚሉት ጉድ ነው» ብሎ ጥፋቱን ሁሉ መሣሪያው ላይ ይጭናል። ሌላው «ሰውየው ቤቱ ቁጭ ብሎ ተጫወተ እንጂ ምን አጠፋ? አልሰከረ፣ አልማገጠ» ብሎ ሚስትየዋን ነዝናዛ ያደርጋታል። ሁለቱንም መልሶች አልቀበላቸውም። ጌም በራሱ ትዳር አያፈርስም። ትዳርን የሚያላላው ሁለቱ ያልመከሩበት፣ ቀንና ሰዓት ያልተቆረጠለት፣ አንደኛው ብቻ የሚያርፍበት ትርፍ ጊዜ ነው። ጌም ደግሞ እንዲህ ያለውን ጊዜ ለመውሰድ ከቀደሙት መዝናኛዎች ሁሉ የተመቸ ሆኖ መጥቷል፤ ስለዚህ ነፃ ነው ብዬም አላሰናብተውም።

ጥፋቱን ሁሉ ለጌም የሚሰጡት ሰዎች መጀመሪያ ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ፤ በአገራችን ፍቺ ከጌም ይቀድማል። ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 በኢትዮጵያ የተካሄደውን ብሔራዊ የቤተሰብና የወሊድ ጥናት መረጃ ተንትነው ከአሥር ዓመት በኋላ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶው በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ እንደሚያበቃ፣ ከሚፋቱት ሴቶችም ሁለት ሦስተኛው የሚፋቱት በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ውስጥ እንደሆነ አሳይተዋል። ያ መረጃ ሲሰበሰብ የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ገና አልተሠራም ነበር፤ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ ላይ ነው። ተመራማሪዎቹ ከፍቺ ጋር ተያይዘው ያገኟቸው ነገሮች በልጅነት መዳርና ልጅ አለመውለድ ናቸው። በአማራው አገርም ቢሆን በቁርባን ከተሳሰረው ትዳር በቀር በሰማንያ የተጋቡ ሰዎች ንብረት ተካፍለው መለያየታቸው እንግዳ ነገር አልነበረም። እንግዲህ «ድሮ ትዳር ይከበር ነበር፤ ያበላሸው ስክሪን ነው» የሚለው ወሬ ከራሳችን ታሪክ ጋር አይገጥምም።

ከውጭ የሚመጣውን ዜናም እንዲሁ ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ አገር የፍቺ ማመልከቻ የሚያዘጋጅ አንድ ድርጅት፣ በዚያው ዓመት ከተቀበላቸው 4,665 ማመልከቻዎች ውስጥ 200 ያህሉ ፎርትናይትንና መሰል የኦንላይን ጌሞችን ከፍቺው ምክንያቶች እንደ አንዱ መጥቀሳቸውን ተናገረ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ግን ከመቶ አራት ያህል መሆኑን ልብ ያለ ጥቂት ነው። ከዚያም በላይ በጊዜው የነበረው የእንግሊዝ ሕግ ቶሎ መፋታት የሚፈልግ ሰው የሌላውን ወገን ጥፋት ዘርዝሮ እንዲያቀርብ ያስገድድ ነበር። ዝርዝር የሚጠየቅ ሰው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይጽፋል፤ ጌሙንም፣ ኩርፊያውንም፣ ያልታጠበውን ሳህንም። ያ ግዴታ የቀረው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ነው። እኛም በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዝሙትንና ቤት ጥሎ መጥፋትን የመሳሰሉ ከባድ የፍቺ ምክንያቶች ተዘርዝረውልን ነበር። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ይህን ዝርዝር ትቶታል፤ ዛሬ ፍቺ የሚጠይቅ ሰው የትዳር አጋሩን ጥፋት የማረጋገጥ ግዴታ የለበትም። ማመልከቻ ላይ የሰፈረ ቃል ትዳሩን ያፈረሰውን ነገር ይናገራል ብሎ መደምደም እዚያም እዚህም አያስኬድም።

ከማመልከቻ ይልቅ ትዳሩ ገና ሳይፈርስ ባልና ሚስቱን አስቀምጦ የጠየቀ ጥናት የበለጠ ያስተምራል። በአሜሪካ የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ብዙ ሰው በአንድ ላይ የሚሳተፍባቸውን የኦንላይን ጌሞች አንዳቸው ወይም ሁለቱም የሚጫወቱ 349 ባልና ሚስቶችን ጠይቀዋል። አንዱ ብቻ በሚጫወትባቸው ቤቶች ተጫዋቹ ከመቶ 84 እጅ ባልየው ነበር፤ ከማይጫወቱት የትዳር አጋሮችም 75 በመቶው ባለቤታቸው ለትዳሩ የበለጠ ቢደክም እንደሚመኙ ተናግረዋል። ሁለቱም በሚጫወቱባቸው ቤቶች ግን 76 በመቶው ጌሙ ትዳራቸውን እንደጠቀመ ነው የመሰከሩት። ጨዋታው ያው ጨዋታ፣ ስክሪኑም ያው ስክሪን ሆኖ ሳለ ውጤቱ ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ሌላው ግኝታቸው ነው። በትዳሩ ደስታ ላይ ለውጥ ያመጣው የሰዓቱ ብዛት ራሱ አልነበረም፤ በጨዋታው የተነሳ የሚፈጠረው ጭቅጭቅና ባልና ሚስት በአንድ ሰዓት አብረው ወደ መኝታ አለመሄዳቸው ነው።

«ይህ የአሜሪካኖች ኑሮ ነው፤ እኛን አይመለከትም» የሚል ይኖራል። ስለ መኝታ ሰዓት የተገኘው ነገር ግን እኛን ይብስብናል እላለሁ። በአዲስ አበባ ሁለት ሠራተኛ ባልና ሚስት በሥራ ቀን ስንት ሰዓት አብረው ነቅተው ይቆያሉ? ከየካ አባዶ ወይም ከአያት ኮንዶሚኒየም ተነስቶ መሀል ከተማ የሚሠራ ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። ማታ መገናኛ ላይ እንደገና ተሰልፎ፣ ተጋፍቶ ቤቱ ሲደርስ 2 ሰዓት ያልፋል። ራት አለ፤ የልጅ የቤት ሥራ አለ፤ ውሃ የሚመጣበት ቀን ከሆነ ጀሪካን መሙላት አለ። ይህ ሁሉ አልቆ ባልና ሚስት ፊት ለፊት የሚተያዩባት ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያለችው ብቻ ናት። የትዳር ጉዳይ በሙሉ በዚያች ውስጥ ይጨመቃል፤ የቤት ኪራዩ፣ የእናት ሕመም፣ የልጁ ሳል፣ ፍቅሩም ራሱ። በአውሮፓ ክረምት አብዛኛው የሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር የሚጀምረው ከምሽቱ 5 ሰዓት መሆኑን ስናስታውስ፣ የመኝታ ሰዓት መለያየት በብዙ ቤት የሳምንት ልማድ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ጌም ግን የሳምንት ልማድን የየዕለት ያደርገዋል።

እስቲ አንዲት ስቱዲዮ ክፍል በዓይነ ሕሊና እንመልከት። አልጋው፣ ቴሌቪዥኑና የልጁ ፍራሽ አንድ ላይ ናቸው። ባል ልጁ እንዳይነቃ ድምፁን አጥፍቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ አይቶት ከማያውቅ ሰው ጋር በሹክሹክታ «ከኋላህ፣ ከኋላህ» ይላል። ሚስት ከጀርባው የነገውን ምሳ ዕቃ እያዘጋጀች የትምህርት ቤቱ ክፍያ መጨመሩን ልትነግረው ስሙን ትጠራለች። «ቆይ ይቺን ልጨርስ» ይላታል። ይህ ሰው አልዋሸም፤ ኦንላይን የሚደረግ ግጥሚያ እንደ ዳማ ለአፍታ ትተውት የሚመለሱበት አይደለም፤ ከተነሳ ይሸነፋል፤ አብረውት የተሰለፉትም ከዳን ብለው ይቀየሙታል። ይቺ ስታልቅ ግን ሌላዋ ትጀምራለች፤ የተሠራውም እንዲያ እንዲሆን ነው። እሷ ሦስተኛ ጊዜ አትጠራውም። ክፍያውን ከጎረቤት ተበድራ ትከፍላለች። ከወራት በኋላ ሽማግሌ ፊት «ጌም ይጫወታል» ብላ ስትናገር ለሰሚው ተራ ነገር ይመስላል፤ እሷ የምትለው ግን ብቻዬን ነው የምኖረው ነው።

ይህንን ከቀደመው መዝናኛችን ጋር ማስተያየት ነገሩን ያጠራዋል። በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ በየወሩ በ16 የኪዳነ ምሕረት ማኅበር የሚጠጡ ሰዎች ሞልተዋል፤ በየካ ሚካኤል ደግሞ በ12 የሚካኤል ማኅበርተኛ አለ። ማኅበር መንፈሳዊ ነገር መሆኑ ሳይዘነጋ፣ ከባልንጀራ ጋር መብያና መጠጫ፣ መጨዋቻና መሳቂያም ነው። ሆኖም ባሌ ወይም ሚስቴ ማኅበር ሄዱብኝ ብሎ ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው አይገኝም። ለምን ቢባል፣ ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል። ተራው ሲደርስ ጠላው የሚጠመቀው፣ ዳቦው የሚደፋው በሁለቱ ምክር ነው። ወጪው ከወርኃዊው አስቤዛ ጋር ተደምሮ ይታሰባል። ቤት የቀረው ወገን ሌላው የት እንደሄደና መቼ እንደሚመለስ ያውቃል፤ ማኅበርተኞቹም ቤቱን ያውቁታል፤ ሲታመም ይጠይቃሉ። ቡናውም ቢሆን ጎረቤት ተጠርቶ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ ያልቃል። እነዚህ ልማዶች የሰውን ዕረፍት ሲፈቅዱ ድንበርም አብረው አበጅተውለታል። ስልክ ላይ ያለው ጌም ከዚህ አንዱም የለውም፤ ቀን የለው፣ ማብቂያ የለው፣ የቤቱ ሰው የሚያውቀው ባልንጀራ የለው። ድንበሩን ማበጀት ለባልና ሚስቱ ብቻ ተትቷል፤ እነሱ ደግሞ እንደዚህ ያለ ነገር በውል የሚነጋገሩበት ልማድ ገና አላዳበሩም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የዕረፍት ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ ሲባዝን የዋለ ሰው ማታ አንድ ሰዓት ቢጫወት ምን ይባላል? ምንም አይባልም፤ ይገባዋል። ጥያቄው በዚያው ቤት ሌላዋስ መቼ ታርፋለች የሚለው ነው። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ወደ ከተማው በሚወርደው ቁልቁለት የባሕር ዛፍ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ የሚወርዱ ሴቶችን የማያውቅ የሰሜን አዲስ አበባ ነዋሪ የለም። እነዚያ ሴቶች ሸክማቸውን ሸጠው ቤታቸው ሲገቡ ዕረፍት አይጠብቃቸውም፤ ምድጃው ይጠብቃቸዋል። በቢሮ የምትሠራዋም ብትሆን ከዚህ ብዙ አትለይም። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ያካሄደው የመጀመሪያው የጊዜ አጠቃቀም ጥናትም ደመወዝ የማይከፈልበትን የቤት ሥራ በአብዛኛው የተሸከሙት ሴቶች መሆናቸውን አረጋግጧል። ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር እኩል የደከሙ ሁለት ሰዎች ኖረው፣ አንዱ በየማታው ሲያርፍ ሌላዋ እሱ የሚያርፍበትን ቤት እየሠራች ከሆነ፣ ቂሙ የሚበቅለው ከዚያ ነው። ጌሙን አውጥታችሁ በምትኩ ጋዜጣ ብታስቀምጡበትም ያው ይበቅላል። ሁለቱም የሚጫወቱበት ቤት በጥናቱ ደህና ሆኖ የተገኘበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ሁለቱም ለመጫወት ጊዜ ካገኙ፣ ሥራውን ከሞላ ጎደል ተካፍለውታል ማለት ነው።

«ከመጠጥ ቤትና ከጫት ቤት ቤቱ ተቀምጦ መጫወቱ አይሻልም ወይ?» የሚለውም መልስ ይሻል። በገንዘብም፣ በጤናም፣ በሰላም ከመግባትም አንጻር ይሻላል፤ ይህን መካድ ልክ አይሆንም። ሆኖም ውጭ ያመሸ ሰው ቢያንስ አለመኖሩ ይታወቃል፤ ሚስት ጎረቤት ትጠራለች፣ እናቷ ዘንድ ትሄዳለች፣ ወይም በጊዜ ትተኛለች። ቤት ውስጥ ሆኖ የሌለ ሰው ግን መጠበቅን አያስቆምም። ደግሞም ይህ የወንድ ኃጢአት ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ እፈልጋለሁ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተተረጎሙ የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን ማሳየት ሲጀምር፣ ቤት ፈታ፣ ራት ቀረ፣ ሴቱ ሁሉ ድራማ ላይ ተጣደ የሚል ክስ በየቦታው ይሰማ ነበር። ዛሬ ደግሞ ባልም ሚስትም ቲክቶክ ላይ ጀርባና ጀርባ ተሰጣጥተው ይተኛሉ። ክሱ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ሲዘዋወር፣ ማን መቼ ያርፋል፣ ማን ተስማማበት የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ ይቀራል።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ የሚያጠቡትን ሁለት ነገሮች ሳልናገር ማለፍ አልችልም። አንደኛው ሱስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባው የጌም ሱስን እንደ ሕመም መዝግቦታል። መለኪያውም ጥብቅ ነው፤ ሰውየው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው የኑሮ ጉዳይ ሁሉ ሲያስቀድመው፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 12 ወር ሲዘልቅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ለመጠጥና ለጫት እንደሚደረገው ጸበሉንም ይሞክር፣ የሥነ አእምሮ ሐኪምም ይየው፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ግን ይህ ስም ከሥራው ያልቀረ፣ ሲጠራም የሚነሳን ሰው ለመስደብ መዋል የለበትም። ሁለተኛው ውርርድ ነው። ፊፋ መጫወትና በኳስ መወራረድ በብዙ ሰው አነጋገር አንድ ላይ ይጠራሉ፤ እኔ ግን ፈጽሞ አለያያቸዋለሁ። ጌም የሚወስደው ምሽት ነው፤ ውርርድ ግን አስቤዛውን፣ ኪራዩንና እቁቡን ጭምር ይወስዳል፤ ከዚያ ደግሞ ውሸት ይከተላል። የቤተሰብ ሕጋችን ባልና ሚስት በየግል ጥረታቸው የሚያገኙትን ገቢ የጋራ ሀብት ያደርገዋል። ስለዚህ በቲኬት ላይ የሚነደው ብር የሁለቱ ነው፤ ሚስት ሳታውቅ ተወስዶባታል። እዚህ ላይ ጉዳቱን የሚያደርሰው ነገሩ ራሱ ነው ቢባል አልከራከርም።

ታዲያ አቤቱታው ሲመጣ ምን ይደረግ? በሕጉ መሠረት የፍቺ ጥያቄ የቀረበለት ፍርድ ቤት ባልና ሚስቱ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁ ሊያደርግ፣ ካልሆነም ከ3 ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። አብዛኛው ጠብ ግን ከዚያ በፊት የንስሐ አባትና የሠፈር ሽማግሌ ዘንድ ይደርሳል። እነዚህ ሰዎች ሴቲቱን «ቻይው፣ ወንድ ልጅ አይደል» ብለው የሚመልሱበት፣ ባልየውንም «ይህን የልጅ ጨዋታ ተው» ብለው የሚያሳፍሩበት ጊዜ አለ። ሁለቱም ምክር ነገሩን አይነካውም። ያፈረ ሰው ጨዋታውን አይተወውም፤ ደብቆ ይጫወታል። የሚሻለው ስለ ሰዓት መጠየቅ ነው፤ ማን ስንት ሰዓት ይተኛል፣ ልጁን ማን ያስተኛል፣ እሷ በሳምንት ውስጥ ማንም የማይጠራት ሰዓት አላት ወይ፣ ሰሞኑን የከበደ ጉዳይ የተነጋገሩት መቼ ነው?

ትዳር እንደ ሥራ ውል ሰዓት አይቆጠርበትም፤ ፍቅር ካለ ይህ ሁሉ አያስፈልግም የሚሉ አሉ። ግን በሽማግሌ ተጠይቆ፣ ጥሎሽ ተቆጥሮ፣ በምስክር ፊት ቃል የሚገባበት አገር ነው ያለን፤ መነጋገርና መቁረጥ ከፍቅር ጋር ተጣልቶብን አያውቅም። ማክሰኞና ቅዳሜ ማታ የእሱ፣ ሐሙስ ማታና እሑድ ከሰዓት የእሷ፣ የቀረው ምሽት ስልክ የማይነካበት ተብሎ ቢወሰን የሚደፈር ክብር የለም። እንዲያውም ሽማግሌዎቹ ለጥቂት ወራት ይህን አስሞክረው ብዙ ነገር ያውቃሉ። ባል በተባባሉት ቀን ጨዋታውን አቁሞ ተነስቶ፣ እሷ ግን ያው እንደከፋት ከቀረች፣ ያለያያቸው ነገር ጌም አልነበረምና የቆየውን ቁስል ይፈልጉ። አቆማለሁ ብሎ ቃል ገብቶ፣ ፈልጎም ማቆም ካቃተው ሐኪም ያስፈልገዋል። ማቆም እየቻለ እምቢ ካለ ደግሞ፣ ያች ሴት ከእንግዲህ ነዝናዛ አትባል።